ቅሬውን ያስሮጠ ሕልም

ኑርሁሴን ከሚሴ ውስጥ አስፋልቱ ዳር ፍራሽና ብርድ ልብስ ይሸጣል። ከዙሁር ሶላት በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ የሱቁን መዝጊያ እስከ ግማሽ ያወርድና ከሚሸጣቸው ፍራሾች ባንዱ ላይ ጋደም ይላል። ፍራሹ ከነላስቲኩ ስለሆነ በተገላበጠ ቁጥር ይንኮሻኮሻል። ሲነሳ የፋብሪካው ስም ጉንጩ ላይ ተገልብጦ ታትሞ ይገኛል። ደንበኛ ድንገት ከደረሰበት "ላንተው እየሞከርኩልህ ነበር" ይለዋል።

ሰውየው ሕልመኛ ነው። ሌላው ሰው ያየውን ሕልም ቁርስ ሳይደርስ ይረሳዋል፤ ኑርሁሴን ግን የመንገዱን ጠጠር ሳይቀር ያወራል። ሚስቱ ቶይባ ገና "ዛሬ ምን አየሁ መሰለሽ" ሲላት "ኸይር ነው ኢንሻአላህ" ብላ ወደ ሥራዋ ትዞራለች።

ያን ሰሞን ያየው ግን ሌላ ነበር። ጨፋ ሜዳ ላይ ነው፤ ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ሆኗል። ከሞቱ የቆዩት አባቱ ከብቶቻቸውን ቦርከና ወንዝ ዳር እያጠጡ ያንጎራጉራሉ። እንዲህ ያለ ዜማ በዕድሜው ሰምቶ አያውቅም። ከብቶቹ እንኳ ውሃውን ትተው ቀና ብለው ያዳምጣሉ። ሲነቃ ዜማው ገና ከንፈሩ ላይ ነበር።

"ይኼማ መጥፋት የለበትም" ብሎ ሊቀዳው ስልኩን አነሳ። ስልኩ አሻራ ጠየቀው። አውራ ጣቱ በላብ ርሷልና አልቀበልም አለ። በሽርጡ አብሶ ደገመ፤ እምቢ። የይለፍ ቁጥሩን አስገብቶ ሲከፈትለት ደግሞ "እንኳን ደስ አለዎት! የመኪና ባለቤት ለመሆን…" የሚል መልእክት መጥቶ ፊቱ ተደቀነ። እሱን ሲያጠፋ፣ ፊት ለፊት ያለው የስልክ ዕቃ ሱቅ ድምፅ ማጉያውን ለቀቀው፦ "ቻርጀር በቅናሽ! ከቨር በቅናሽ!"

ዜማው በዚያው በነነ። በኑርሁሴን አፍ ላይ የቀረው "ቻርጀር በቅናሽ" ብቻ ሆነና እስከ አስር ሰዓት ያንኑ ሲያንጎራጉር ዋለ።

"የአባቴን ዜማ ቻርጀር በላው" አላት ለቶይባ፣ ቤት እንደገባ።

"እንግዲያ ነገ ስልክህን ከፍተህ ተኛ" አለችው፣ ለማሾፍ።

እሱ የምሯን መሰለው። በማግስቱ ቴሌግራሙን ከፍቶ፣ ስልኩን ደረቱ ላይ አድርጎ ተኛ። ሐሳቡ በየሰርጉ ኪቦርድ ለሚጫወተው ጓደኛው ለበድሩ ዜማውን በድምፅ ለመላክ ነበር። አልሐምዱሊላህ፣ ሕልሙም አላሳፈረውም፤ ማሽላው፣ ቦርከና፣ አባቱ፣ ሁሉም ተመልሶ መጣ። ኑርሁሴን ግማሽ ነቅቶ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ ስልኩን ተጫነ፤ በአፍንጫው አንጎራጎረ፤ ላከ፤ መልሶ ተኛ።

ጣቱ ያረፈው ግን በበድሩ ስም ላይ አልነበረም። ከእሱ በላይ ያለው የሰፈሩ ቅሬ፣ ማለትም የእድሩ፣ ግሩፕ ላይ ነበር፤ ጎረቤት ሲታመምና ሲሞት የሚጠራሩበት።

የቅሬው ሰዎች የሰሙት ይኼን ነው፦ መጀመሪያ ረጅም ትንፋሽ። ቀጥሎ "እምምም… እእእም…" የሚል ማቃሰት። የላስቲክ መንኮሻኮሽ። በመጨረሻም በደከመ ድምፅ "አባኮ… መጣሁ።" ከዚያ ዝም።

ግሩፑ ተተራመሰ። የቅሬው ዳኛ ሸህ ሙሄ ደጋግመው ደወሉ፤ አይነሳም። አንዱ "አባቱ ሞተው የለም እንዴ? ወዴት ነው የሚመጣው?" ብሎ ጻፈ። ከዚያ በኋላ ተቀምጦ መልስ የጠበቀ የለም። ሁሉም ወደ ሱቁ ሮጠ።

መዝጊያው እንደተለመደው ግማሽ ወርዷል። ጎንበስ ብለው ሲያዩ ሁለት እግሮች ብቻ ይታያሉ። ወንዶቹ እርስ በርስ ሲተያዩ ቅቤ ነጋዴዋ እማ ፋጡሜ "ያ ረቢ! ማል ታቴ? ምን ሆንክ ልጄ?" እያሉ ቀድመው ሾለኩ። ቶይባ ባንድ እግሯ የራሷን፣ በሌላው የባሏን ነጠላ ጫማ አጥልቃ እየሮጠች ደረሰች።

ኑርሁሴን ዓይኑን ሲገልጥ ጣሪያው በሰው ፊት ተሸፍኗል። ሸህ ሙሄ በጥምጣማቸው ጫፍ እንባቸውን ይጠርጋሉ። ብድግ ብሎ ተቀመጠ።

"ኢና ሊላሂ! ማን ሞተ?" አለ።

እማ ፋጡሜ ጉንጩን ዳሰስ አደረጉና "ይሞቃል" ብለው ለሕዝቡ አስታወቁ። ያኔ ከውጭ አንድ ጋሪ ነጂ "ሸህ ሙሄ! ድንኳኑን እዚህ ላውርደው ወይስ ቤቱ?" ብሎ ተጣራ።

"የማንን ድንኳን?" አለ ኑርሁሴን።

"ያንተን ነዋ!" አለች ቶይባ። በጡጫ ደረቱን መታችው፤ አለቀሰች፤ ከዚያ ደግማ መታችው።

ሸህ ሙሄ ስልካቸውን አውጥተው ድምፁን አሰሙት። "ይኼ ማቃሰት የማነው?"

"ማቃሰት አይደለም ሸህ ሙሄ፤ ዜማ ነው። የአባቴ ዜማ። በሕልሜ…"

"እስቲ እንግዲያ ነቅተህ በለው።"

ኑርሁሴን ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ዘለቀው። እውነትም ሸጋ ዜማ ነው። እማ ፋጡሜ ራሳቸውን ወዘወዙ። ወሬውን ሰምቶ የመጣው በድሩ ግን በሩ ላይ ቆሞ ግንባሩን ቋጠረ።

"ኑርዬ፣ ይኼንንማ አውቀዋለሁ። ስልክ ደውለህ 'ሠራተኞቻችን ሌሎች ደንበኞችን እያስተናገዱ ነው፤ እባክዎ ይጠብቁ' ሲሉህ የምትመጣዋ ሙዚቃ ናት።"

የኑርሁሴን ፊት ተለዋወጠ። የሞባይል ባንኩ ተቆልፎበት፣ ያን ሰሞን በየጠዋቱ ባንኩ ጋ ደውሎ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ሲጠብቅ ነበር የሚያረፍደው። ሱቁ በሳቅ ተናጋ። እንባቸው ያልደረቀው ሸህ ሙሄ የብርድ ልብሱ ክምር ላይ ቁጭ ብለው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

"ሳቁ፣ ሳቁ" አለ ኑርሁሴን። "ግን ወላሂ፣ አባቴ በስልክ አውርተው እንኳ የማያውቁ ሰው፣ እንዴት እንዳማረባቸው ብታዩ!"

ሳቁ ጋብ አለ። አባቱን የሚያውቁ ብዙ ነበሩ።

"ታዲያ ምን ይለዋል?" አሉ እማ ፋጡሜ። "ሸጋ ነገር ከየትም ይምጣ። በሉ አጨብጭቡለት!" እሳቸውም እየተቀበሉት ስለ ጨፋ ሳርና ስለ ከብቶቹ በኦሮምኛ ቃል አስገቡበት። ሴቶቹ አጨበጨቡ። ሰርግ መስሎት አንድ መንገደኛ አንገቱን አስግጎ ገባና ትራስ ገዝቶ ወጣ።

ሸህ ሙሄ ዱዓ አደረጉ። "ከዛሬ ጀምሮ" አሉ ሲነሱ፣ "ማንም ተኝቶ በቅሬው ግሩፕ ድምፅ እንዳይልክ!" ድንኳኑም በመጣበት ጋሪ ተመለሰ።

ኑርሁሴንና ቶይባ አብረው ወደ ቤት አቀኑ። መንገድ ላይ "በሕልምህ እኔ ነበርኩ?" አለችው።

አልነበረችም። ግን እሷ በሁለት ዓይነት ጫማ እያነከሰች፣ የለሽም የሚል አፍ ከየት ይምጣ? "ነበርሽ" አለ።

"ምን ስሠራ?"

ያላሰበው ጥያቄ ነበር። "እ… ማሽላ ስትጠብቂ። ወፍ ስታባርሪ።"

ቶይባ ቀጥ ብላ ቆመች። "አባትህ ያንጎራጉራሉ፣ ከብቱ ያዳምጣል፣ አንተ ትሰማለህ፤ እኔ ፀሐይ ላይ ወፍ አባርራለሁ?"

"ነገ ስተኛ ጥላ ሥር አስቀምጥሻለሁ።"

"ነገ ትተኛና ወየውልህ!" አለችውና፣ የሚያመልጣት ይመስል ክንዱን ጥብቅ አድርጋ ይዛው መንገዷን ቀጠለች።