ቅሏን ይዛ የመጣችው ሴት

ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ ካለ ትምህርት ቤት ነው ያየኋት። ጥናት የሚያጠኑ ልጆች ለተማሪ የሚመች የውሃ ጋን እናሠራለን ብለው እሷንና እኛን ወላጆችን አንድ ክፍል ሰበሰቡን፤ ለሙከራ ሠርታው ተማሪዎች ሲጠጡበት የሰነበቱት ባለ ቧንቧ ጋንም ፊታችን ቆሟል። ስሟን የጠየቀ የለም፤ «ሸክላ ሠሪዋ» ነው ያሏት። እሷም ወንበሩን ትታ በሩ ሥር መሬት ላይ ተቀመጠች። ነጠላዋ ታጥቧል፤ ከጥፍሯ ሥር ያለው ጭቃ ግን አልለቀቀም።

«እናቴ፣ ቧንቧውን እንዲህ ዝቅ ያደረጉት ለምንድን ነው?» አላት አንዱ አጥኚ።

«በልጄ ቁመት ለክቼ ነው። እዚሁ ሁለተኛ ክፍል ናት።»

ደስ ብሎት ጻፈ። «ታዲያ ተመቻት?»

«ኩባያው አንድ ነው ጌታዬ። እሷን አያስነኳትም።»

«እሱ እንኳ ከጋኑ ጋር አይገናኝም» ብሎ ወደ ሌላ ጥያቄ አለፈ።

ለእኛ ከጋኑ ውሃ በየኩባያው ሲታደል እሷ ከጉያዋ ትንሽ ቅል አወጣች። ልጅ ሳለሁ እኛ ደጅ ገንቦ ትሸጥ የነበረችው ሴትም እንዲሁ የራሷን ቅል ይዛ ነበር የምትመጣው።

ስትወጣ በአጠገቤ አለፈች። ሳላስበው ኩባያዬን በነጠላዬ ሸፈንኩ። አየችኝ።

«ይጠጡ እትዬ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «ውሃው እንደሁ ከእኔው ጋን ነው የተቀዳ።»