አበባ ላኪው

ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ዓሣ አዲስ አበባ አድርሶ የሚመለሰው መኪና በበረዶ ሳጥኑ ጽጌረዳ ሲያመጣልን፣ ሰውዬው ቀድሞኝ ሱቁ በር ላይ ቆሞ አገኘዋለሁ። በዚያ የአሰብ ሙቀት የሸሚዙን እጅጌ እስከ አንጓው ይቆልፋል። አበባውን አያይም፣ አያሸትም። የአንዲት ሴትዮ አድራሻ ይሰጠኝና «ስሜ አይጻፍ» ይላል።

አድርሼ ስመለስ እዚያው ቆሞ ይጠብቀኛል። «ደስ አላት?» ብሎኝ አያውቅም።

«በሩን ማን ከፈተልህ? ደጃፉ ላይ የወንድ ጫማ አለ?»

ሰላይ ነው ብዬ ጠረጠርኩት፤ መልሴንም አሳጠርኩ።

ትናንት ግን ከአፌ አመለጠኝ። «ጋሼ፣ ዛሬስ ሳሎን ድረስ አስገባችኝ» አልኩት።

ዓይኑን ጨፈነ።

«የመኝታ ቤቱ ቬንቲሌተር አሁንም ሲጥ ሲጥ ይላል?»