ቤት ፍለጋ የወጣው ዮሴፍ

«በገና ሰሞን ማን ቤት ይገዛል? በረዶው እስኪቀልጥ ይጠብቁ» አላት ደላላው። ባሏ የሞተባት ሎሬይን ግን መች ሰማችው! ሰፊው ቤት ብቻዋን ሊውጣት ደርሷል።

በአሜሪካዋ ዱሉዝ ከተማ ያለ ካቶሊክ ቤቱ እንዲሸጥለት ሲፈልግ የቅዱስ ዮሴፍን ምስል ጓሮው ውስጥ ዘቅዝቆ ይቀብራል። እሷም ሳሎኗ ውስጥ ለገና ከደረደረችው የግርግም ምስል ላይ፣ ከማርያምና ከሕፃኑ አጠገብ ዮሴፍን ብድግ አድርጋ ወጣች። መሬቱ በውርጭ ደርቆ አካፋዋን ቢሰብርባት፣ እየተራገመች በረዶው ውስጥ ቀበረችው።

በማግስቱ ብሪያና የምትባል ነፍሰ ጡር ከባሏ ጋር ቤቱን ልታይ መጣች። ግርግሙን አየችና፣

«እማማ፣ የልጁ አባት የት ሄደ?» አለች።

ሎሬይን አፈረች፤ መልስ ግን አላጣችም። «ቤት ሊፈልግላቸው ወጥቷል።»

ብሪያና ሆዷን እየዳበሰች ባሏን ብታየው፣ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ።

«እንግዲያው ይጥሩት» አለች፤ «ብርድ እንዳይመታው። ቤቱ ተገኝቷል።»