ድመቷ የረገጠችው ሥዕል

ሥዕል የጀመርሁት ቢቸና፣ መሪጌታ ልሳነወርቅ ዘንድ ነው። በመጀመሪያው ቀን ጻድቅ በሁለት ዓይን፣ ከሐዲ በአንድ ዓይን እንደሚሣል ነገሩኝ። እኔ ግን ሰማዕቱን በጎኑ አዙሬ ሣልሁት። መሪጌታ ብሩሹን ቀሙኝና «አንተ! በአንድ ቀን ሰማዕቱን አስካድኸው?» አሉ። እስኪመሽ ቀለም ስበጠብጥ ዋልሁ።

ራሴን ከቻልሁ በኋላ ሥዕሎቼን የሚሸጥልኝ ሞጣ ላይ ሱቅ ያለው ጓደኛዬ ሰይድ ነበር። ብዙ ጊዜ የሚፈለገው በበቅሎ የምትሄድ ሙሽራ ናት። እሷን ዓይኔን ጨፍኜም እሥላታለሁ፤ ዋጋዋ ግን ንቅንቅ አይልም።

አንድ ቀን ያልደረቀ የሙሽራ ሥዕል መሬት ላይ ዘርግቼ ስመለስ ድመቴ በበቅሎዋ ሆድ ላይ ተራምዳበታለች። ላስተካክለው ብል የሞጣው ሚኒባስ ሊወጣ ነው። እንዳለ ላክሁት።

ሰይድ ደወለ። «ምን አድርገህበት ነው? ባሕር ዳር ሆቴል ያላቸው ወይዘሮ አስካለ ‘እንዲህ ያለ ሌላ ሰው ቤት የለም’ ብለው በእጥፍ ወሰዱት!»

«የላክሁልህ እኮ የተበላሸውን ነው።»

«እንግዲያው አበላሽና ላክ!»

አዳዲስ ሥዕሎች ደርድሬ ድመቷን ጠራሁ። ሥጋ አሳየኋት። ቀለሙን አሽትታ ዞር አለች። አንስቼ ላስረግጣት ስል ክንዴን ቧጨረችው። ቢቸግረኝ በገዛ ጣቶቼ አተምሁበት።

ሥዕሎቹን አድርሼ ሞጣ ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሳለሁ ወይዘሮ አስካለ ገቡ። ግድግዳው ሙሉ ድመት የረገጣት በቅሎ ነው።

«ሰይድ፣ አንድ ብቻ ነው አላልኸኝም?»

ሰይድ ወደ እኔ ዞረ። «ድመቷ ለምዳ ነው» አልሁ።

ወይዘሮ አስካለ መነጽራቸውን አድርገው ቀረብ አሉ። «ድመትህ የጣት አሻራ አላት?»

ሰይድ ሳቁን መያዝ አቅቶት ጓዳ ገባ። እኔ የምገባበት አጣሁ።

ወይዘሮ አስካለ ብራቸውን አልጠየቁም። ወንበር ስበው ተቀመጡና «ቀለምህን አምጣ። ሁሉንም እዚሁ ፊቴ ታጠፋለህ» አሉኝ። በየበቅሎዋ ሆድ ላይ ከኮርቻው የሚወርድ ደማቅ የግላስ ጨርቅ እየሣልሁ አሻራዬን ሸፈንሁ። እሳቸውም «እዚህ ጋ ቀርቷል» እያሉ በጣታቸው ያሳዩኝ ነበር። የመጨረሻው ሲጠፋ ተነሡ። «አሁን የእኔው የእኔ ሆነ» ብለው ወጡ።

የተሸፈኑት በድሮው ዋጋ ተሸጡ።

ከሥራው የተማርሁት ይህን ነው፤ ገዢ እጥፍ የሚከፍለው ሥዕሉ ስላማረ ብቻ አይደለም፣ ሌላ ሰው ዘንድ ስለሌለ ነው። ሠዓሊው ራሱ ከደገመው የፊተኛውንም ያረክሰዋል።