የተዘጋው በርና ሦስተኛዋ ዲመር

ሕሩይ ሾላ ገበያ ጠርዝ ላይ ባለች ጠባብ ሱቁ ሬዲዮና ካውያ ሲጠግን ሃያ ዓመት አልፎታል። ሙያውን ያስተማረው ትምህርት ቤት የለም፤ ሰው ተስፋ ቆርጦ የጣላቸውን ዕቃዎች ሆድ እየከፈተና ያገኘውን መጽሐፍ ሁሉ እያነበበ የተማረው ነው። አንድ ነገር ሲገባው "ተመስገን" ይላል። ሳይገባው ሲቀር መነጽሩን ይጠርግና እንደገና ይጀምራል።

ባለፈው ጥር የጀመረው ሥራ ግን ከሁሉም ከበደው። እንደ እናት ያሳደጉት ታላቅ እህቱ እትዬ ሐመልማል እንጦጦ ላይ፣ በወላጆቻቸው ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ። ዓይናቸውን ከታከሙ ወዲህ ድንገት የሚበራ አምፖል እንደ መርፌ ይወጋቸዋል። ስለዚህ ለማለዳ ጸሎት የሚነሱት በጨለማ ነው፤ በዚያው ጨለማም ሁለት ጊዜ ወድቀዋል።

ልጃቸው ሀሴት መረራት። "ቅዳሜ መጥቼ መሪ ሰፈር፣ እኔ ቤት ይዣት እወርዳለሁ" አለች። ለእትዬ ሐመልማል ደግሞ የደብራቸው ደወል በማይሰማበት ቦታ መኖር ስደት ነው።

ሕሩይ እስከ ቅዳሜ ጊዜ ለመነ። ከክብሪት ሳጥን ብዙም የማይበልጡ፣ ያለ ሽቦ እየታዘዙ የአምፖልን ብርሃን ከፍና ዝቅ የሚያደርጉ ሦስት ርካሽ ዲመሮች ገዛ። ቤት የሚያስተዳድር ነጻ ፕሮግራም አሮጌ ላፕቶፑ ላይ ጫነ። ከሌሊቱ አስር ሰዓት ተኩል ሲሆን የመኝታ ቤቱ አምፖል ከምንም ተነስቶ ቀስ እያለ እንዲፈካ አዘዘው። ሱቁ ጠረጴዛ ላይ ሞከረው፤ እንደ ጎህ ፈካ።

ቅዳሜ እንጦጦ ወጥቶ አንዷን ዲመር ሳሎን፣ አንዷን መኝታ ቤት ገጠመ፤ ሦስተኛዋን ለራሱ ቤት አስቀራት። ላፕቶፑን ሳሎን አስቀምጦ ቢሞክረው ሁሉም ታዘዘ። "ተመስገን!" ከማለቱ እትዬ ሐመልማል ሊያዩት መኝታ ቤት ገቡና በሩን ዘጉ። አምፖሉ ለትእዛዝ ደነቆረ።

በሩ ሲከፈት ይሠራል፤ ሲዘጋ እምቢ ይላል።

"ጋሼ፣ እናቴን ለዚህች ኩርፊያም ዕቃ አደራ ልትሰጣት ነው?" አለች ሀሴት፣ መኪናዋ ላይ ብርድ ልብስ እየጫነች።

"እትዬ፣ በሩን ገርበብ አድርገው ቢጸልዩስ?" አለ ሕሩይ ፈራ ተባ እያለ።

"ስድሳ ዓመት ሙሉ በሬን ዘግቼ የጸለይኩ ሰው፣ ዛሬ ለአምፖል ብዬ ልክፈት?"

ሕሩይ መነጽሩን ጠረገ። በሩን በጣቱ አንኳኳው። ከእንጨቱ ስር የቆርቆሮ ድምፅ መለሰለት። የአልጋው ራስጌ ያለውን የግድግዳ ምርጊት ፈርፈር አድርጎ አንኳኳው፤ ያው ነው።

"እትዬ፣ እዚህ ውስጥ ምንድን ነው ያለው?"

"ረሳኸው? ይሄ ክፍል የእህል ማስቀመጫ አልነበር? አባባ አይጥ እንዳይገባ ብለው የዘይት ቆርቆሮ ጠፍጥፈው ከግድግዳው እስከ በሩ መቱበት። ሚስማሩን ስታቀብላቸው የዋልከው አንተ!"

ሕሩይ ሳቁ አመለጠው። በልጅነት እጁ አቀብሎ ያሠራው ግንብ ነው የዘጋበት! የሬዲዮ ሞገድ ቆርቆሮን አልፎ እንደማይሄድ ለስንቱ ደንበኛ አስረድቷል። የመኝታ ቤቱ መስኮት ግን የእንጨት ነው፤ የሚከፈተውም ወደ በረንዳው ነው። የሳሎኑም መስኮት እንዲሁ። እነዚህ ዲመሮች ደግሞ የሰሙትን ትእዛዝ ለጎረቤታቸው ያቀብላሉ፤ በረንዳው ላይ አንዷ ብትኖር ትእዛዙን በመስኮቶቹ በኩል ታሻግራለች።

ለራሱ ያስቀራትን ሦስተኛዋን ዲመር ከኪሱ አውጥቶ በረንዳው መብራት ላይ ገጠማት። የራሱ ቤት ያለ እሷ ይቅር።

"አሁን ይግቡና ይዝጉት፤ መስኮቱንም ጭምር" አለ። የፕሮግራሙን ሰዓት ወደ አሁን አዙሮ ከሀሴት ጋር በር ላይ ቆሙ። የሀሴት እጅ የመኪና ቁልፉን ጨብጧል።

ጥቂት ቆይቶ በበሩ ስር ቀጭን ቢጫ መስመር ታየች፤ እየወፈረች፣ እየደመቀች ሄደች። የጸሎት መጽሐፍ ገጽ ሲገለጥ ተሰማ፤ የእትዬ ሐመልማል ድምፅም ቀስ ብሎ ማንበብ ጀመረ።

ንባቡ ድንገት ተቋረጠ።

"ሕሩይ!"

"አቤት እትዬ! ዓይንዎን ወጋዎት?"

"የምን ዓይን! ይሄን ሁሉ የግድግዳ ፍርፋሪ አልጋዬ ስር ትተህልኝ ልትሄድ ነው?"

ሀሴት በሳቅ ተንከተከተች፤ ብርድ ልብሱን ከመኪናው ልታወርድ ሮጠች። ሕሩይ መጥረጊያ ፍለጋ ሄደ፣ ተመስገን፣ ተመስገን እያለ።