«አትንኩ» የተባለው ገንዳ

እስቲ ያንን የመስታወት ገንዳ እዩት። መስኮቱ ሥር፣ ከልብስ መተኮሻው ጠረጴዛ አጠገብ ከተቀመጡት ሁለት ገንዳዎች በስተቀኝ ያለውን። ዓሣ የለበትም ብላችሁ ፊታችሁን አታዙሩ። ድንጋዩ ላይ የተጣበቀችው፣ አውራ ጣት የምታህል ቡናማ ነገር ድንጋይ አይደለችም፤ ተክልም አይደለችም። ኮራል ናት፤ እንስሳ ናት፤ ነፍስ አላት። ሲመቻት ጥቃቅን እጆቿን ትዘረጋለች፤ ሲከፋት ትሰበስባቸዋለች። መስታወቱ ላይ ደግሞ በቀይ ቀለም «አትንኩ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል።

ወረቀቱን የለጠፈችው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት። «አትንኩ» የተባለው ሰው ማን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ መድከም አያስፈልግም፤ በቤቱ ውስጥ ከእሷ ሌላ ያለችው አክስቷ ብቻ ናት።

አክስትየዋ በአንድ ትልቅ ሆቴል ላውንደሪ ውስጥ ልብስ ተኳሽ ናት። የሥራ ጓደኞቿ «እንፋሎት» ይሏታል፤ ጉም ተሸክማ ገብታ ጉም ተሸክማ ትወጣለች እያሉ። እሷም አብራ ትስቃለች። የሚሠሩበት ክፍል መስኮት አለው፤ ግን አይከፈትም። አቧራ ገብቶ አንሶላውን እንዳያቆሽሽ ነው አሉ። ለአንሶላው የታሰበውን ያህል ለሴቶቹ ያሰበ የለም። የዚያ ዓይነት ቤት ኃላፊ ሆኖ ይህን የሚያነብ ካለ፣ ይፈር።

እህቷ ስትሞት ልጅቷን ገና ጡት ሳትጥል ተረከበቻት። እንግዲህ ሙቀት በየቀኑ የሚቀጠቅጠው ሰው ልጅ ሲያሳድግ እንዴት እንደሚያሳድግ ገምቱ። ሾርባ ሲቀርብ እፍ፣ ሻይ ሲቀዳ እፍ። ልጅቷ ትኩስ ሻይ ምን ምን እንደሚል ያወቀችው ጓደኛዋ ቤት ሄዳ ነው። አውቶቡስ ውስጥ ፀሐይ በሚመታው በኩል አክስት ትቀመጣለች፤ ልጅ ጥላው ጋ። ቤታቸው ደግሞ መስኮቱ ከጠዋት እስከ ማታ ወለል ብሎ የተከፈተ ነው።

ልጅቷ ለትምህርት ቤቱ የሳይንስ ኤግዚቢሽን ሙከራ ማዘጋጀት ፈለገች። ባሕር ሲሞቅ ኮራል ቀለሟን ታጣለች ወይ፣ ጥያቄዋ ይህ ነው። የጌጥ ዓሣ የሚሸጠው ሰውዬ ከአንዲት እናት ኮራል የተሰበሩ ሁለት ቁራጮች ሰጣት። አንዷን በሚመቻት ውሃ፣ ሌላዋን ማሞቂያ በተገባለት፣ ጥቂት ዲግሪ በሚሞቅ ውሃ ውስጥ አኖረቻቸው። መብራቱ አንድ፣ ጨው አንድ፣ የአየር መንፊያው አንድ፤ የሚለየው ሙቀቱ ብቻ። ከቀለም ሱቅ ከጥቁር ቡናማ እስከ ነጭ የተደረደረ የቀለም ናሙና ለምና አመጣች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቴርሞሜትሩን ታያለች፤ ናሙናውን መስታወቱ ላይ አስጠግታ ታመሳክራለች። ጎበዝ ልጅ ናት። ይህን ሁሉ ለመምህሯ አስረዳች፣ ለጓደኞቿ አስረዳች፣ ለዓሣ ሻጩም ሳይቀር አስረዳች። ለአክስቷ ወረቀት ለጠፈች።

አክስትየዋ ወደ ሥራ የምትሄደው ቀትር ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት ከገንዳዎቹ ጋር ብቻዋን ትቀራለች። በስተግራ ያለችው ኮራል እጆቿን ዘርግታ ትወዛወዛለች፤ በስተቀኝ ያለችው ኩርምት ብላለች። አክስት መዳፏን መስታወቱ ላይ አሳረፈች፤ ይሞቃል። «አንቺ ደግሞ ምን አጥፍተሽ ነው?» አለቻትና የማሞቂያውን ሶኬት ነቀለች። ስትወጣ ልጅቷ እንዳትቀየማት መልሳ ሰካችው። በማግስቱም እንዲሁ፤ ከዚያም በኋላ ጠዋት በመጣ ቁጥር እንዲሁ። ልጅቷ እስክትመለስ ውሃው እንደገና ይሞቃል፤ ቴርሞሜትሩም ምንም አይናገርም።

ሳምንታት አለፉ፤ ሁለቱም ኮራሎች ቡናማ እንደሆኑ ቀሩ። ልጅቷ ገረማት። መምህሯማ በደስታ ሊበር ደረሰ፤ መጻሕፍቱን የሚገለብጥ ግኝት ነው ብሎ ለርዕሰ መምህሩ ሳይቀር አወራ። እንዴት ሆነ ብሎ መጠየቅ ሥራው አልነበረም? ነበር። አልጠየቀም።

ኤግዚቢሽኑ ሲቃረብ፣ አንድ እሁድ ከሰዓት፣ አክስት የልጅቷን ዩኒፎርም ትተኩሳለች፤ ልጅቷ መስታወት ፊት ቆማ ንግግሯን ትለማመዳለች። «የሙከራዬ ውጤት እንደሚያሳየው፣ ሙቀት ኮራልን አይጎዳም።»

ካውያው አየር ላይ ቀረ።

«ምን አይጎዳም?»

«ሙቀት።»

«ማን አለ?»

«ሙከራው ነዋ፣ አክስቴ። ይኸው፣ አልነጣችም።»

ዝም ማለት ትችል ነበር። ልጅቷ ደስ ብሏታል፣ መምህሩ ደስ ብሎታል፣ ኮራሏ መናገር አትችልም። ግን ክንዷ ላይ የካውያ ጠባሳ አለ፤ የገዛ ልጇ ደግሞ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቆማ ሙቀት አይጎዳም ልትል ነው። ይህ አልዋጥላት አለ።

«ያልነጣችው እኔ ስለማጠፋላት ነው» አለች።

«ምኑን?»

«ማሞቂያውን። ጠዋት ጠዋት።»

«አትንኩ ብዬ ጽፌ የለ!»

«ገንዳውን መቼ ነካሁ? ሶኬቱን ነው።»

ልጅቷ አልሳቀችም። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አክስት ዩኒፎርሙን እንደያዘች ቆማ ቀረች፤ እኔ ራሴ ሄጄ ለመምህሩ እነግረዋለሁ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው እላለሁ እያለች። ልጅቷ ወደ ግድግዳው እንዳየች «ለምን አልጠየቅሽኝም?» አለች።

«አንቺስ መቼ ነገርሽኝ፣ እናቴ? ወረቀት ለጠፍሽብኝ እንጂ።»

ልጅቷ ተነሥታ በርጩማ ሳበችና አክስቷን ገንዳው ፊት አስቀመጠቻት። ኮራሏ ውስጥ የሚኖሩ፣ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ነገሮች እንዳሉ፣ ምግብም ቀለምም የሚሰጧት እነሱ እንደሆኑ፣ ሙቀቱ አላባራ ሲል ጥለዋት እንደሚሄዱ፣ ያን ጊዜ እንደምትነጣና እንደምትራብ ነገረቻት። አክስት አፏን ይዛ ሰማች።

«ከዚያ ትሞታለች?»

«ቶሎ ከቀዘቀዘላት ትመለሳለች።»

«ቶሎ ማለት እስከ ምን ድረስ ነው? አንቺ መቼ ልታወጫት ነበር?»

ልጅቷ ሙከራውን ስታቅድ እንዴት እንደምትጀምር እንጂ የት ላይ እንደምታቆም አላሰበችበትም ነበር።

ለኤግዚቢሽኑ ያዘጋጀችውን ካርቶን ገልብጣ በጀርባው ጻፈችበት፦ «ሙከራዬ ለምን አልተሳካም»። ከሥሩ አዲሱን ዕቅድ ሣለች። ሦስት ገንዳ፤ አንዱ የሚመች፣ አንዱ ሁልጊዜ የሚሞቅ፣ አንዱ እየሞቀ የሚያርፍ። ከቀለም ናሙናው አንዱ ላይም ወፍራም መስመር አሰመረች፤ ከዚህ በላይ ከገረጣች ሙከራው ይቆማል፣ ኮራሏ ወደሚመቻት ውሃ ትመለሳለች።

መምህሩ አኮረፈ። ኤግዚቢሽኑ ላይ አንድ ዳኛ ካርቶኑን ከላይ እስከ ታች አይቶ ውጤቷ የታለ ብሎ ጠየቃት።

«ገና ነው፣ ጋሼ። ቤቴ ውስጥ ያለውን ሰው ሳልቆጥር ነበር የጀመርኩት።»

ሽልማቱ ጭስ ለሚተፋ የካርቶን ተራራ ሄደ። ይሂድ። አክስት ከሥራ አስፈቅዳ መጥታ፣ ጠባሳዋ እንዳይታይ እጅጌዋን እስከ ጣቷ ስባ በር ላይ ቆማ ነበር። ልጅቷ እጇን ይዛ እየጎተተች አመጣቻትና ለዳኛው «የሚያርፈው ገንዳ ኃላፊ» ብላ አስተዋወቀቻት። አክስት መሬት መሬት እያየች ሳቀች።

ዛሬ መስኮቱ ሥር ሦስት ገንዳዎች አሉ። ሦስተኛው ላይ በዚያው በቀይ ቀለም «ይህን አክስቴ ታጥፋው» ተብሎ ተጽፏል። ታጠፋዋለች፤ ሰዓቷን ጠብቃ፣ ኮራሏን «በይ እረፊ» ብላ። መካከለኛውን፣ ሁልጊዜ የሚሞቀውን፣ አትነካውም። ግን ባለፈች ቁጥር የቀለም ናሙናውን አንሥታ መስመሩን ታያለች። ከዚያ ቦርሳዋን አንግታ፣ መስኮቱ ወደማይከፈተው ክፍል ትሄዳለች። እሷን በይ እረፊ የሚል የለም።

እናንተም ቤት የምታጥብ፣ የምትተኩስ፣ እናንተ ስትወጡ ከዕቃችሁ ጋር ብቻዋን የምትቀር ሴት አለች። አይገባትም ብላችሁ ወረቀት አትለጥፉባት። ዛሬውኑ በርጩማ ሳቡላትና አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ የምትሠሩትን ንገሯት።