የሌለውን በሽተኛ የጠየቅሁበት ቀን

ከሰባተኛ ሰፈር እስከ ጎጃም በረንዳ ሬዲዮ የተበላሸበት ሰው መጀመሪያ የሚያስበው እኔን ነው። ትምህርት ቤት የገባሁት ደወሉን ለመጠገን ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ደወሉም እኔም ሥራ አቋርጠን አናውቅም።

በኢሕአዴግ መጨረሻ ዓመታት፣ ኢንተርኔት ሄድ መጣ በሚልበት ጊዜ፣ ነርስነት የምትማረው የእህቴ ልጅ ጥቁር መነጽር ይዛ ሱቄ መጣች። መነጽሩ ዓይን ላይ ሲታሰር የሌለ ክፍልና የሌለ በሽተኛ ያሳያል። ተማሪዎቹ እዚያ ውስጥ ቁስል ማጠብና ማሰር ይለማመዳሉ። እሷም በመነጽሩ ጎበዝ ነበረች። እውነተኛ ደም ስታይ ግን ክፍሉን ጥላ ትወጣለች። መምህሯ በነገው ፈተና ከእውነተኛው በሽተኛ ከሸሸች ዓመቱን እንደምትደግም ነግረዋታል። ለመለማመድ የተዋሰችው መነጽር ደግሞ ጨልሟል።

ከፍቼ የላላውን ሽቦ በየድኩ። በእኛ ሰፈር የተጠገነ ዕቃ በር ላይ፣ ሰው ፊት ሳይሞከር አይሰጥም። ስለዚህ መነጽሩን አጥልቄ ደጅ ቆምኩ።

በመነጽሩ ውስጥ አንድ ሽማግሌ እግራቸው ቆስሎ ተኝተዋል። የታመመ ሰው እያዩ ዝም ማለት ነውር ነው። «እግዜር ይማርዎት» አልኳቸው። ሌሊቱን እንዴት እንዳደሩ ጠየቅሁ፤ ማቃሰት ብቻ። አልጋቸው አጠገብ ወንበር አየሁና ቁጭ ብዬ ላጫውታቸው አሰብኩ።

ወንበሩ ሰባተኛ ውስጥ አልነበረም። ጎረቤቴ ድስት ሻጯ በደረደሩት ብረት ድስት ላይ ተዘረጋሁ፤ እጄንም የቆርቆሮ ጠርዝ ቆረጠው። መነጽሩን ግን አላወለቅሁም፤ ሽማግሌውን «አይዞዎት» እያልኩ ነበር።

«ጋሼ፣ እሳቸው ደህና ናቸው» አሉ ድስት ሻጯ። «የሚደማው እርስዎ ነዎት።»

መነጽሩን ሳወልቅ የእህቴ ልጅ ግድግዳውን ተደግፋ ፊቷ አመድ መስሏል። ያኔ ነው ብልሃቱ የመጣልኝ። ዕቃ መጠቅለያ ካርቶን ላይ ተጋደምኩና ልክ እንደዚያ ሽማግሌ አቃሰትኩ።

«እንደ መነጽሩ ሰውዬ ቁጠሪኝ። እሱን ምን ታደርጊው ነበር?»

ሳቀች። እየሳቀች እጇን ታጠበች፣ ቁስሉን አጸዳች፣ ፋሻም ከፋርማሲ አስመጥታ አሰረችው። ምክር ልጨምርላት ስል «ያ ሰውዬ አያወራም ጋሼ፤ ዝም ይበሉ» አለችኝ።

በማግስቱ ፈተናዋን አለፈች። በሽተኛው ሲያቃስት እኔ ትዝ ብዬያት ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን እንደዋጠች ነግራኛለች።

ሌላ ሰው ስለማይቆጥርልኝ ያከናወንኩትን ራሴ ልቁጠር፦
የታወረ መነጽር አበራሁ።
ያልተወለደ በሽተኛ ጠየቅሁ፤ ከጥየቃው በኋላም ሲብስበት አላየሁም።
ዶሮ ሲታረድ ከቤት የምትወጣን ልጅ ነርስ አደረግሁ፣ ያውም በራሴ እጅ።
የጎበጠውን ድስት በመዶሻ አቀናሁ፤ ድስት ሻጯ አልቀናም ይላሉ፣ ግን እሳቸው ስለ ብረት ምን ያውቃሉ?